የዘንገናው ጥበቃ ስንት ነጥብ ያስፈልገዋል?

አንድ ደቂቃ ይበቃል ይላል ሕጉ። ሰይፍ መዝዞ የቆመብህን ሰው አነጋግረህ፣ አለሳልሰህ፣ ምሳ አብልቶ መንገድ እስኪያሳይህ ድረስ ወዳጅ ለማድረግ አንድ ደቂቃ። ቸኩያለሁ ካልክም በ6 ሰከንድ መሞከር ትችላለህ፤ ከውጤትህ ላይ 10 ነጥብ ይቀነስብሃል እንጂ ክልክል አይደለም። የሕጉ ደራሲዎች በአዊ በኩል አላለፉም ማለት ነው። እዚህ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሰላምታ የለም። «እንዴት ዋላችሁ» ተብሎ፣ ልጆቹ ተጠይቀው፣ ከብቱ ተጠይቆ፣ ገብሱ እንዴት ያዘ ተብሎ፣ የታመመ ካለ «እግዜር ይማረው» ተብሎ፣ ገና ፈረሱ ጋ ሳይደረስ ደቂቃዋ ታልፋለች። ሰይፍ የመዘዘው ሰውዬም እጁ ስለሚዝል መልሶ ወደ ሰገባው ይከተዋል። አባቶቻችን ሰላምታውን ያን ያህል ያስረዘሙት ይህንኑ አስበው ይሆናል።

የማወራው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስላመጣው ጨዋታ ነው። እንደ ዳማ ጠጠር አይገፋበትም፣ እንደ ካርታ አይበወዝም። አራት አምስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጦረኛ ነኝ ይላል፣ አንዷ ጠንቋይ ነኝ ትላለች፣ ሌላው ሌባ ነኝ ብሎ በኩራት ይናገራል። አንዱ ደግሞ መሪ ሆኖ ታሪኩን ያወራል። የቀረውን ዓለም ሁሉ፣ በረኛውን፣ ጠጅ ሻጯን፣ ንጉሡን፣ ዘንዶውን፣ የሚጫወተው ይኸው መሪ ነው። ተጫዋች ያልያዛቸውን እነዚህን ፍጥረታት «ኤንፒሲ» ይሏቸዋል። አንድ ሙከራ ተሳካ አልተሳካም የሚለውን የሚቆርጠው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ነው። እህቴ ያንን ዳይስ ከልጇ ቦርሳ ውስጥ ያገኘችው ዕለት የጠንቋይ ጠጠር መስሏት ፀበል ረጭታበታለች። ልጁ ከዚያ ወዲህ ጥሩ ጥሩ ቁጥር ይወጣልኛል ይላል።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተሙት። እኛ በዚያ ዓመት ንጉሥ በቮልስዋገን ስንሸኝ ስለነበር ልብ አላልነውም። በዚያ የመጀመሪያ እትም፣ የማታውቀው ፍጡር መንገድ ላይ ሲገጥምህ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ድምሩ ዝቅ ካለ ይተናኮልሃል፤ ከፍ ካለ ይቀበልሃል፤ መሀል ላይ ከዋለ እያመነታ ነው። ይህችን ሕግ ወድጃታለሁ። ጠዋት ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጉዳይህ ያው ጉዳይ፣ ወረቀትህ ያው ወረቀት ነው፤ ኃላፊው በግራ ጎኑ ተነሥቶ እንደሆነ ግን አስቀድሞ የሚነግርህ የለም።

በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው እትም ነገሩን ለዕድል ብቻ አልተወውም። የሰውን ፊት በአምስት ደረጃ ከፈለው፦ ጠላት፣ የማይወድህ፣ ግድ የለሽ፣ ወዳጅ፣ ረዳት። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግም ሠንጠረዥ አወጣለት። ጠላትን ግድ የለሽ ለማድረግ 25፣ ወዳጅ ለማድረግ 35፣ ረዳት ለማድረግ 50። ግድ የለሹን ወዳጅ ለማድረግ ግን 15 ይበቃል። 50 በዳይስ ብቻ አይደረስበትም፤ ሆኖም አንደበተ ርቱዕነትን እንደ ዕቁብ እየቆጠበ ያጠራቀመ ተጫዋች ይደርስበታል። እንግዲህ ዘንዶ ፊት ቆሞ፣ ዘንዶው እሳት ሊተፋ አፉን ሲከፍት፣ ከአፉ «ወንድሜ» የምትለውን ቃል የሚያስወጣ ትውልድ የተፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ጦረኞቹ ሥራ ፈቱ ይባላል።

ፓዝፋይንደር የሚባለው የዚሁ ጨዋታ ዘመድ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ልጓም አበጀ። አንድን ሰው በንግግር ከሁለት ደረጃ በላይ ማሻሻል አይቻልም። ሙከራህ በ5 ነጥብና ከዚያ በላይ ከከሸፈ ሰውየው ከነበረበትም ይብስበታል። የተገኘው ወዳጅነት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ነው፤ ስንት እንደሆነ በዳይስ ይታወቃል። በዚያው ሰው ላይ ደግሞ 24 ሰዓት ሳይሞላ ሁለተኛ መሞከር ክልክል ነው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲያነብልኝ አሜሪካኖቹ ያለጥርጥር እኛ አገር ጉዳይ ነበራቸው አልኩ። ጠዋት «ችግር የለውም ጋሼ፣ ጨርሼ እጠብቅዎታለሁ» ያለኝ ሰው ከምሳ በኋላ «ማን ልበል?» ሲለኝ በክፋት ይመስለኝ ነበር። ለካ አራት ሰዓቱ ሞልቶበት ነው። «ነገ ይምጡ» የምትለዋም የ24 ሰዓቷ ሕግ መሆኗ ነው። የቢሮው ሰው መመሪያ እያከበረ ነበር።

ሠንጠረዡ ላይ ግን አንድ ደረጃ ጎድሏል። «ግቡ እንጂ! ምነው ከደጅ ቆማችሁ?» እያለ ልቡን በቁልፍ የዘጋው ሰው የት ይመደባል? እያጎረሰህ የሚታዘብህስ? በእኛ ዘንድ ጠላት ሰይፍ አይመዝም፤ ትራስ ያመቻችልሃል። ቂሙ የሚታወቀው ቡና ሦስተኛው ሲቀር ወይም ትናንት አንተ ይልህ የነበረ ሰው ዛሬ አንቱ ብሎ ሲያከብርህ ነው። ለዚህኛው ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልግ መሪውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ እሱማ ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል» አለኝ።

የልጆቹን ዲፕሎማሲ ሜዳ ላይ ያየሁት ዘንገና ነው። ዘንገና ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ ከሳን አልፈህ እንጅባራ ሳትደርስ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው። እሳተ ገሞራ የከፈተው ጉድጓድ ውሃ ይዞ ቀርቶ ክብ ሆኗል፤ ዳርቻው ደን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ጥላ ውስጥ የቀረው እግርህ ይቆረፍዳል። እሑድ ነበር። ልጆቹ ሣሩ ላይ ጋቢ አነጠፉ፤ መሀል ላይ የቡና ትሪ አስቀመጡ፤ ዳይሱ እየተንከባለለ ጫካ እንዳይገባ ትሪው ላይ ይጥሉታል። እኔ ዛፍ ተደግፌ ቆሎዬን እበላለሁ። እነሱ የአንድ ግንብ በር ላይ ደርሰው በረኛውን ይለማመጣሉ። በረኛው ከሌለ ግንብ በር ላይ የቆመ የሌለ ሰው ነው፤ ቢሆንም ላብ በላብ ሆነዋል።

ዳይሱ ትሪው ላይ ቃጭ ቃጭ ሲል ነው ጥበቃው የመጣው። ጎልማሳነቱን ያለፈ ሰው ነው፤ ቦቲ ጫማ፣ ጋቢ፣ ዱላ። ትሪውን አየ፣ ዳይሱን አየ፣ የተከበበውን አየ።

«ቁማር እዚህ ክልክል ነው።»

ከልጆቹ መካከል አፈ ጉባኤ የሚባለው፣ ወረቀቱ ላይ ለዲፕሎማሲ ብቻ 18 ነጥብ ያጠራቀመው ልጅ፣ ብድግ አለ። ቅድም የሌለውን በረኛ በንግግር ሲያንበረክከው ሰምቼዋለሁ። «ክቡር ሆይ» ብሎ ጀመረ፣ ልክ እንደ ትርጉም ፊልም፤ «እኛ ሰላማዊ መንገደኞች ነን፣ ከእርስዎ የምንሻው…»

«ክቡር? ማንን ነው የምትቀልድበት?»

አንድ ደረጃ ወረደ። ሌባው ነኝ ባዩ ነገሩን ላስተካክል ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ይህ በፍጹም መደረግ ያልነበረበት ነገር ነው። ጥበቃው ዱላውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ፤ «ለዚህ ነዋ! ቁማር ካልሆነ ገንዘቡ ከየት መጣ?» አሁን ከወረድንበት በታች ሌላ ደረጃ የለም። ጦረኛው ዳይሱን አንሥቶ በእጁ ያሻሸዋል። መጣል ፈልጎ ነበር መሰለኝ።

ያዳነችን ጠንቋይዋ ናት። ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላ «እንዴት ዋሉ አባቴ» አለች። እሱም ሳይወድ በግዱ «እግዜር ይመስገን፣ እንዴት ዋልሽ» አለ። ሰላምታ አንዴ ከተጀመረ በመሀል አይቋረጥማ። ቤተሰቡን ጠየቀች፣ ድንቹ ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች፣ ብርዱን አማረረች። «የት ነሽ አንቺ?» አላት። ዳንግላ። «ዳንግላ የማን ልጅ?» የአባቷን ስም ነገረችው፤ አያውቀውም። የእናቷን ነገረችው፤ አያውቃትም። የአያቷን ጠራች፤ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ፤ የለም። እኔ ተስፋ ቆርጬ ጋቢ ማጠፍ ጀምሬያለሁ። «አያቴ ፈረሰኛ ነበሩ፣ የማኅበሩ» ስትለው ግን ዓይኑን ገለጠ።

«ፈረሱ ምን ነበር?»

«ቦራ።»

«ቦራው! ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ ላይ ባለቤቱን ጥሎ ብቻውን የገባው ቦራ?»

«አዎ፣ አያቴ የወደቁ ዕለት።»

ሰውየውን አላስታወሰውም። ፈረሱን ግን አስታወሰው። ዱላውን ሣሩ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

ለማያውቅ አንባቢ፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ አባላቱም ከ60 ሺህ በላይ ናቸው ይባላል። በየዓመቱ ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች እያሰበ ያከብራል። ፈረሱ በዚያ ቀን ከሙሽራ ይበልጥ ያጌጣል። ማኅበሩ ግን የጉግስ ማኅበር ብቻ አይደለም፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይወጣል፣ አባላቱ ሲጣሉም ያስታርቃል። ስለዚህ «አያቴ የማኅበሩ ነበሩ» ማለት «ብንጣላ የሚዳኘን አለ» ማለት ነው። ጥበቃው የሰማው እሱን ነው። ልጅቱ ንግግር አላሳመረችም፤ መያዣ ነው የሰጠችው።

እዚህ ላይ ከሠንጠረዡ ጋር እጣላለሁ። ጠላትን ወዳጅ ለማድረግ 35፣ ግድ የለሹን 15 ይላል። የተገለበጠ ነው! ጠላትህ ቢያንስ ያውቅሃል። አባትህን ያውቃል፣ የመሬትህን ወሰን በስንዝር ያውቃል፣ በሬህ የማን ማሳ እንደገባ ዓመተ ምሕረት ጠቅሶ ይነግርሃል። እንዲህ ያለው ሰው ሽማግሌ ሲላክበት ይቀመጣል። ይቆጣል፣ እምቢ ይላል፣ የመጀመሪያው ቀን «ተመለሱ» ይላል። ሽማግሌም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ሰው እንዲያውም ያሳስባል። ደም የተቃባ ሲሆን ወር ይፈጃል፣ ዓመት ይፈጃል፣ መሐላ አለው፣ ካሳ አለው፤ ነገር ግን ጫፉ የሚያዝ ነገር ነው። ግድ የለሹስ? ከመስኮት ወዲያ ተቀምጦ፣ ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ሳይል «ሲስተም የለም» የሚለውን ሰው በየት በኩል ትይዘዋለህ? አልጠላህ፣ አልወደደህ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አልጠየቀህ። ሽማግሌ ብትልክበት ሽማግሌዎቹንም ወረፋ ያስይዛቸዋል። 50 የሚገባው ለእሱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው እትም ደረጃዎቹን ወደ ሦስት ሲያሳንስ ወዳጅና ጠላት መሀል ግድ የለሹን እንዳለ ትቶታል፤ እዚያም ቢሆን በቀላሉ አይነቀልም ማለት ነው።

የዘንገናው ጥበቃ ተቆጥቶ መምጣቱ ዕድላችን ነበር። ቀና ሳይል አልፎን ሄዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ድረስ አንተዋወቅም።

ፈረስ የሰው ፊት ሲፈታ ግን በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ የእኛ ሰዎች ያቆብ የሚሉት፣ በ1770 እ.ኤ.አ. የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ከጎንደር ወርዶ የዳሞቱ ገዢ ፋሲል ሰፈር ደረሰ። ፋሲል አልወደደውም። እንዲህ ያለ አገር የአንተ ቢጤ ነጭ የሚዘልቀው አይደለም እያለ አሾፈበት። ብሩስም ግንፍል ብሎ መለሰለት፤ በጨዋታው ቋንቋ ሙከራው በ5 ነጥብና ከዚያ በላይ ከሸፈ። በማግስቱ ፈረስ አቀረቡለት፤ አውሬ የሆነ ፈረስ። ብሩስ ቁመተ ረጅም፣ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነበርና እስኪደክም ጋልቦ አደብ አስገዝቶ መለሰው። ከዚያ የራሱን ፈረስ ጭኖ እየጋለበ በሰማይ የሚያንዣብቡ ሁለት ጭልፊቶች በጠመንጃ ጣለ። ፋሲል ፊቱ ተለወጠ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ልብስ አለበሰው፣ ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ ሰጠው።

ከሁሉም የምወደው ግን ቀጥሎ ያደረገውን ነው። የራሱን ፈረስ፣ ከነኮርቻው ከነልጓሙ፣ ሰጠውና አትቀመጥበት፣ ከፊት ከፊትህ ንዳው አለው። አገሬው ፈረሱን ሲያይ የማን እንግዳ እንደሆንክ ያውቃል፤ የሚነካህ የለም። እንዳለውም ሆነ። ባዶ ኮርቻ ፊት ፊት እየሄደ፣ ብሩስ ከኋላ እየተከተለ፣ ያ ሁሉ አገር ታለፈ። ያ ሰው ቋንቋ ይችል ነበር፣ መድኃኒት ያውቅ ነበር፣ ወሬ ነበረው፤ ያሳለፈው ግን አንድ ቃል የማይናገር ፈረስ ነው። ግሽ ሲደርስ ደግሞ ወልዶ ታምሜያለሁ እያለ አስቸገረ፤ በሽታው የብሩስ ቀይ የሐር መታጠቂያ ስታምረው የመጣች ነበረች፤ መታጠቂያዋ ስትሰጠው ተፈወሰ። የምንጩ ባለቤቶች አገዎች በበኩላቸው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጫማህን አውልቅ። አወለቀ። እየወደቀ እየተነሣ ወርዶ ምንጩ ላይ ቆመ፤ በኮኮናት ቅርፊት ጽዋም ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤና ጠጣ። አውሮፓ ሲመለስ ብዙ ሰው አላመነውም። እዚያ ፈረሱን የሚያውቅ አልነበረማ።

ወደ ጥበቃው ልመለስ። ጨዋታው ምን እንደሆነ በዝርዝር ካላስረዳችሁኝ አለ፤ አስረዱት። ዘንዶው ጋ ሲደርሱ አስቆማቸው።

«ይኼ ዘንዶ ምን አድርጓችሁ ነው የምትገድሉት?»

ልጆቹ ተያዩ። መሪው «ሀብት አለው» አለ።

«ታዲያ ሀብታም ስለሆነ ነው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌ ላኩበት። ለምኑት። ባይሰጣችሁ እንኳ አጉርሶ ይሸኛችኋል።»

ዳይሱን ሰጡት፤ አገላብጦ አየው፤ ጣለው፤ 3 ወጣ። «ይኼ ዕቃ ብልሽት አለው» ብሎ መለሰላቸው። ሲመሽ ከቤቱ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አስመጣልን። መሪው በጆሮዬ «ረዳት» አለኝ፣ የመጨረሻዋ ደረጃ።

ልጆቹ ከዚያ ሲመለሱ አዲስ ሕግ ጨመሩ። ማንኛውም ኤንፒሲ ፊት የቀረበ ተጫዋች አስቀድሞ ሰላምታውን ሙሉ ያደርሳል፤ ቀጥሎ «የማን ልጅ ነህ» ይባላል፤ ዝምድና ከተገኘ 20 ነጥብ፣ የጋራ ፈረስ ከተገኘ 30። ጨዋታው ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ግንቡ በር ላይ ያለው በረኛ የሌባው የአክስት ልጅ ሆኖ ተገኘና ይዟቸው ቤት ገባ። ጠጅ ሻጯ ክርስትና ልታነሣ ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ጦረኛው ሰይፉን ከመዘዘ ቆየ፤ በያዝነው ሳምንት ሊያስወግደው ገበያ እያፈላለገ ነው። ዘንዶው በእናቱ በኩል ከጠንቋይዋ ጋር ይዛመዳል ተብሎ ለአባቱ ተዝካር ጠርቷቸዋል፤ አሁን ክርክሩ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ምን ይዘን እንሂድ የሚለው ላይ ነው። አፈ ጉባኤው አንድ በግ ይበቃል ይላል። ጠንቋይዋ ለዘንዶ በግ ይዞ መሄድ ስድብ ነው፣ ቢያንስ ሰንጋ ይሁን ብላ ፈረስ ላይ ወጥታለች።